መሣሪያው ስለምን ሳተላይቱን አልያዘም?

«መምህር፥ የመሬት መለኪያው መሣሪያ ይሳሳታልን?» ሲል አንድ ተማሪ ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር አንድ ክንድ ወሰን ወንድምን ከወንድም ያጋጫልና።

ጂ.ፒ.ኤስ. የተባለው መሣሪያ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ከሚዞሩ ሳተላይቶች ሞገድ ይቀበላል። ቦታውን ለማወቅ ቢያንስ 4 ሳተላይቶች መያዝ አለበት። ይሁን እንጂ ሰማዩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። የማግኔት ምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፥ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ላይኛው አየር ሞገዱን የሚያናውጥባቸው ምሽቶች አሉ። ስለዚህ መሐንዲሶች ሞገዱን፥ ዘፈን በመቅረጸ ድምፅ እንደሚቀዳ ቀድተው፥ በላቦራቶሪ እየደጋገሙ መሣሪያዎችን ይፈትኑበታል።

አንዳንድ ጊዜ ታዲያ መሣሪያው አንድም ሳተላይት አልይዝ ይላል። ጀማሪ ቶሎ ብሎ መሣሪያውን ይወቅሳል። አንባቢ ሆይ፥ አስቀድመን ቀኑን እንመርምር። ቅጂው የሚናገረው የተቀዳበትን ቀን ነው፤ መሣሪያው ግን የዛሬውን ቀን ይዞ፥ ዛሬ ከአድማስ በላይ ያሉትን ሳተላይቶች ይፈልጋል። የአምናውን የትምህርት ፕሮግራም ይዞ ክፍል እንደሚያስስ ተማሪ ይሆናል። መድኃኒቱ የያዘውን ሁሉ አስረስቶ እንደ አዲስ ማስጀመር ነው።

ከዚያም መታገሥ ያስፈልጋል። አንድ ሳተላይት የራሱን መንገድ ዝርዝር በየ30 ሰኮንዱ ይደግማል፤ የሁሉም ሳተላይቶች ማውጫ ግን 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ቅጂው አጭር ከሆነ መሣሪያው ሳይጨርስ ያልቃል። አልቆ ከመጀመሪያው ሲደገምም ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚዘል፥ የተያዘው ሁሉ ይለቀቃል።

ቀጥሎ የሞገዱ ኃይል ይታይ። እውነተኛው ሞገድ እጅግ ደካማ ነው፤ ቅጂው ቢበረታ የመሣሪያውን ጆሮ ያደነቁራል፥ ቢያንስም አይሰማም። የመቅጃው ክሪስታል ቢዛነፍ ደግሞ ድግግሞሹ ከ1575.42 ሜጋኸርትዝ ሸሽቶ መሣሪያው ከሚፈልግበት ወሰን ይወጣል። ሞገዱ በሽቦ ብቻ ይሂድ፤ በአየር ከተለቀቀ የአካባቢውን መሣሪያዎች ሁሉ ያሳስታል።

ፍርዱም በሥርዓት ይሁን። መሣሪያውን ወደ ሜዳ አውጥተን ከሰማዩ ቢይዝ እርሱ ነፃ ነው። በቅጂው ላይ የታመነ ሌላ መሣሪያ ቢሠራ ቅጂውም ነፃ ነው። አንድ ነገር ብቻ በአንድ ጊዜ እየለወጥን ብንፈትን ጥፋተኛው ይገኛል።

ለተማሪዬም «አዎን፥ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ችካል ከመተከሉ በፊት ይፈተናል» አልሁት።