የሐኪም ትምህርትና የቤተ መጻሕፍት ቁልፍ

በአገራችን መድኃኒት ዐዋቂ የሚባሉት ሰዎች የዕፅዋትን ሥርና ቅጠል ጠንቅቀው የሚያውቁ ቢሆኑም፥ ዕውቀታቸውን ለማንም አይገልጹም። ዐዋቂው ሥሩን የሚምሰው ሰው ሳያየው ነው፤ ምሥጢሩንም የሚያወርሰው ከልጆቹ መካከል ለመረጠው ለአንዱ፥ ብዙ ጊዜም ለበኩር ልጁ ነው። አባት ሳይናዘዝ ድንገት ያረፈ እንደ ሆነ መድኃኒቱም አብሮት ይቀበራል። ተክሉ በየዐጥሩ ሥር በቅሎ ይታያል፤ ለምን እንደሚሆን የሚያውቅ ግን የለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን የምንተርተው እኛ፥ መድኃኒቱን ለደበቀው ሰው የምንሰጠው ተረት ምን ይሆን?

ይህን ነገር ለማንሣት ያበቃን አንድ ትንሽ ገጠመኝ ነው። ባለፈው ሰሞን ሕክምና የሚማር ጓደኛችንን ተከትለን ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሄደን ነበር። በማግሥቱ ጧት ስለ አንዲት በሽተኛ በመምህሩ ፊት ማስረዳት ነበረበትና፥ ለሴትዮዋ ስለ ታዘዘው መድኃኒት በቅርብ ዓመታት የተጻፈውን ለማንበብ ፈለገ። በመደርደሪያው ላይ ያገኘው መጽሐፍ ግን በዕድሜ የሚበልጠው ነበር። በኮምፒዩተር ለመፈለግ ቢቀመጥ፥ ትምህርት ቤቱ የውጭ አገር የሕክምና መጽሔቶችን ያለ ክፍያ የሚያነብበት የይለፍ ቃል አለ፤ ይሁን እንጂ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሠራተኛ ብቻ ሲሆን፥ እርሱም የዓመት ፈቃድ ወጥቶ ነበር። ጓደኛችን የአሮጌውን መጽሐፍ ገጾች በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ወጣ። እኛም ስንመለስ ያ ሥር የሚምሰው ሰው ትዝ አለን። ልዩነቱ ይህኛው ሠራተኛ ምሥጢር ለመደበቅ አለማሰቡ ብቻ ነው።

«የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ሕክምና ትምህርት ምን አገባቸው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። የአሜሪካንን የሕክምና ትምህርት ከሥር ያናወጠው አብርሃም ፍሌክስነር ሐኪም አልነበረም፤ የትምህርት ሰው ነበረ እንጂ። እርሱ በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች መርምሮ በ1910 ያወጣው ዘገባ (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፥ ከእነርሱ ብዙዎቹ በቂ ላቦራቶሪና በሽተኛ የሚታይበት ሆስፒታል ሳይኖራቸው ገንዘብ እየተቀበሉ ሐኪም የሚያስመርቁ መሆናቸውን አጋለጠ። ደግሞስ ሁላችንም አንድ ቀን በሐኪም ፊት መቀመጣችን አይቀርምና፥ ሐኪሙ ምን አንብቦ እንደ መጣ መጠየቅ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ሐኪም የሚማረው ከሦስት ቦታ ነው ለማለት ይቻላል። አንደኛው አስከሬን የሚመረመርበት ክፍልና ላቦራቶሪ ነው፤ ሁለተኛው የበሽተኛው አልጋ አጠገብ ነው፤ ሦስተኛው ሌሎች ሐኪሞች አይተው የጻፉት ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት እንደ እውነተኛ ትምህርት፥ ሦስተኛውን ግን ለፈተና እንደሚሸመደድ ነገር ይቈጥረዋል። አንድ ሐኪም ግን ዕድሜውን ሙሉ ቢሠራ የሚያያቸው በሽተኞች የተወሰኑ ናቸው። አንድ መድኃኒት ከሺህ ሰው አንዱን የሚጐዳ ቢሆን፥ ያንን ጉዳት በራሱ ዐይን ሳያይ ጡረታ ሊወጣ ይችላል። ሊያውቀው የሚችለው ሌላው ያየውን በማንበብ ብቻ ነው።

ይህም ከከተማ በራቀ ቦታ ይበልጥ ይብሳል። የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ሲቋቋም ዓላማው በየጠቅላይ ግዛቱ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ የጤና መኰንኖችን፥ ነርሶችንና የንጽሕና ሠራተኞችን ማሠልጠን ነበር። በ1964 የሕክምና ፋኩልቲ በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ በ1983 የተመሠረተው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ተማሪው ከሕዝቡ መካከል ገብቶ እንዲማር የሚያደርግ ዘዴ ይዞ ተነሣ። ከእነዚህ ቤቶች የሚወጣው ሠራተኛ ወረዳ ሲደርስ የሚያማክረው ፕሮፌሰር በአጠገቡ የለም። ያለው በጭንቅላቱ የያዘው ነገር ብቻ ነው። የሕክምና ዕውቀት ደግሞ በየጊዜው ይለወጣልና፥ ትናንት የያዘውን ብቻ ይዞ የቀረ ሐኪም ሳያውቀው የትናንት ሐኪም ይሆናል።

እንግዲህ የተጻፈው ሁሉ እንዴት ይገኛል? ዋናው ችግር የጽሑፍ ማነስ አይደለም፤ መብዛቱ ነው እንጂ። ይህን ቀድመው ከተረዱት ሰዎች አንዱ ጆን ሾው ቢሊንግስ የተባለው አሜሪካዊ የጦር ሠራዊት ሐኪም ነበር። የሠራዊቱን የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በኀላፊነት ይዞ ሳለ፥ መጽሐፍ ማከማቸቱ ብቻ እንደማይበቃ ተገነዘበ። ስለዚህ በ1879 ኢንዴክስ ሜዲከስ የተባለውን፥ በየወሩ የወጡትን የሕክምና ጽሑፎች በየርእሳቸው የሚዘረዝር መጽሔት አስጀመረ፤ በ1880ም የቤተ መጻሕፍቱን ታላቅ ማውጫ የመጀመሪያ ቅጽ አሳተመ። ያ ቤተ መጻሕፍት ዛሬ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው። ማውጫው በ1964 ወደ ኮምፒዩተር ገባ፤ ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ፐብሜድ በሚባለው ስሙ በዓለም ላይ ያለ ማንም ሰው በነጻ እንዲፈልግበት ተከፈተ።

የማውጫው ሥራ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ለምሳሌ በአማርኛ «ነቀርሳ» ሲባል አንዱ ካንሰርን ያስባል፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን ቲቢ ማለት ነው። አንዱ ጸሐፊ «ቲቢ»፥ ሌላው «የሳንባ ነቀርሳ» ብሎ ቢጽፍ፥ በአንደኛው ስም ብቻ የሚፈልግ ተማሪ ግማሹን ሳያገኝ ይቀራል፤ «ነቀርሳ» ብሎ ብቻ የሚፈልገው ደግሞ የሁለት በሽታ ጽሑፍ ተደባልቆ ይመጣበታል። በእንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍቱ ሊቃውንት ከ1960 ጀምሮ ለእያንዳንዱ በሽታና መድኃኒት አንድ የተወሰነ ርእስ መድበው፥ ጽሑፉ በየትኛውም ስም ቢጻፍ በዚያ ርእስ ሥር እንዲገባ አደረጉ። ይህን የርእስ ሥርዐት የሚያውቅና የማያውቅ ሰው በአንድ ማውጫ ፊት ቢቀመጡ፥ የሚያገኙት ነገር እጅግ የተለያየ ነው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ትምህርትም እዚህ ላይ ነው፤ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዶ ማቀበል ብቻ አይደለም።

በፍለጋ ላይ የሚደርስ ጉድለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በ2001 በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ነገር ያሳያል። ስለ አስም በሽታ ይደረግ በነበረ ጥናት ላይ፥ ሄክሳሜቶኒየም የተባለ ኬሚካል በትንፋሽ እንዲስቡ ከተደረጉት በጎ ፈቃደኞች መካከል ጤነኛ የነበረች የ24 ዓመት ወጣት ሳንባዋ ተጐድቶ ሞተች። ተመራማሪው አስቀድሞ ሳይፈልግ አልቀረም፤ ፐብሜድንና የተለመዱ መጻሕፍትን ተመልክቷል። ነገር ግን ማውጫው በዚያን ጊዜ ወደ ኋላ የሚደርሰው እስከ 1966 ድረስ ነበር። መድኃኒቱ በሳንባ ላይ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል የሚናገሩት ጽሑፎች ደግሞ በ1950ዎቹ የታተሙ ነበሩ። ማስጠንቀቂያው ተጽፎ፥ ታትሞ በአሮጌ ጥራዞች ውስጥ ነበረ፤ የጐደለው ከዚያ ጥራዝ የሚያደርስ ሰው ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ የሀብታም አገር ታሪክ ነው ብለህ አትለፈው። በአፍሪካ የሆነው ከዚህ ይከፋል። በ1982 የጀርመን ተመራማሪዎች በሊቤሪያ ሰዎች ደም ውስጥ የኢቦላ በሽታ ምልክት ማግኘታቸውንና፥ ሊቤሪያም በሽታው ካለባቸው አገሮች ጋራ መቈጠር እንደሚገባት በአንድ የአውሮፓ መጽሔት ላይ ጽፈው ነበር። ከ32 ዓመት በኋላ፥ በ2014፥ ወረርሽኙ ሊቤሪያን፥ ጊኒንና ሴራሊዮንን ሲያጠቃ የአገሩ የጤና ኀላፊዎች ስለዚያ ጽሑፍ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የሊቤሪያ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ዋና የሕክምና ኀላፊ የነበሩት ዶክተር በርኒስ ዳን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋራ በ2015 በኒው ዮርክ ታይምስ እንደ ጻፉት፥ ከእነዚያ ጽሑፎች አንዱን ከኢንተርኔት ለማውረድ በዚያን ጊዜ 45 ዶላር ይጠየቅ ነበር፤ ይህም ለአገሩ ሐኪም የግማሽ ሳምንት ደመወዝ ያህል ነበር። ወረርሽኙ በምዕራብ አፍሪካ ከ11,000 በላይ ሰዎች ገደለ። ጽሑፉ ቢነበብ ኖሮ ከእነዚህ ስንቱ ይድን እንደ ነበር ማንም ሊናገር አይችልም፤ ነገር ግን ደሙ የሊቤሪያ ሆኖ ሳለ፥ ከደሙ የተገኘው ዕውቀት ለሊቤሪያ አለመድረሱ የታወቀ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ታሪክ ደግሞ በአገራችን አለ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲያጠኑ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ ተመለከቱ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ያ ቀንድ አውጣ ነው። እንዶድን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ግን የጻፈ አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ ያዩትን መርምረው በ1965 ያሳተሙት ከሦስት ዓመት በፊት መውጣት በጀመረው በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ እንዶድ የአንድ መንደር ዕውቀት መሆኑ ቀርቶ፥ በሌላ አገር ያለ ሰው ሊፈትነው፥ ሊተቸውና ሊጨምርበት የሚችል ነገር ሆነ። የእንዶድ ጥናት በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኝቷል። ያ የመጽሔት ቅጽ ባይኖር ኖሮ ነገሩ እንደ ዐዋቂው ሥር በተቀበረ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ገንዘብ የለም የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከታላላቅ አሳታሚዎች ጋራ ተስማምቶ በ2002 ሂናሪ የተባለውን አገልግሎት ካስጀመረ ወዲህ፥ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ብዙ ሺህ መጽሔቶችን ያለ ክፍያ ሊያነቡ ይችላሉ። ለጓደኛችን የጐደለው ገንዘብ አልነበረም። የጐደለው የይለፍ ቃሉን ለተማሪው የሚያደርስ ሥርዐት ነበር።

ስለዚህ የምንለው አራት ነገር ነው። አንደኛ፥ የሕክምና ተማሪ ጽሑፍ መፈለግን እንደ ደም መቅዳት ሁሉ ተለማምዶ የሚፈተንበት ሙያ እንዲሆን ያስፈልጋል። ሁለተኛ፥ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ከጠረጴዛው ኋላ ተነሥቶ ከሐኪሞቹ ጋራ ራውንድ ይውጣ፤ ይህን ዘዴ ገርትሩድ ላም የተባለችው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በ1971 በአሜሪካ በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ካንሳስ ሲቲ ጀምራዋለች። ሦስተኛ፥ የእኛው ተማሪዎችና መምህራን ስለ አገራችን በሽታዎች የጻፉት ጥናት በየቢሮው መሳቢያ ከሚቀር ተመዝግቦ ለፈላጊ ይቅረብ። አራተኛ፥ ቁልፍም ሆነ የይለፍ ቃል በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይቅር። ይህ የመጨረሻው ምንም ወጪ የለውምና፥ የተማሪዎች ማኅበራችን ነገውኑ ሊጠይቀው ይችላል።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶቻችን። ነጭ ጋወን መልበስም ያው መጠምጠም ነው። ጓደኛችን በማግሥቱ ጧት ገለጻውን ከአሮጌው መጽሐፍ አቀረበ፤ መምህሩም ምንም አላሉትም። በሽተኛዋ ስለዚህ ነገር የምታውቀው የለም። ሌሊቱን ሙሉ ሐኪም ይሆን ዘንድ የሚማረው ልጅ ስለ እርስዋ መድኃኒት ሊያነብ ፈልጎ እንደ ነበርና፥ በሩ ተዘግቶበት እንደ ተመለሰ ማን ይነግራታል? እኛ ግን ዐይተናልና፥ ዐይተን ዝም ብንል መድኃኒቱን ከደበቁት ሰዎች እንደ አንዱ መቈጠራችን ነው።