ቴፑ አልተበላሸም፣ የሚያዳምጠው ጃፓንን ነው

ጎንደር ላይ ያገለገለች ቪትዝ ለመግዛት ደላላ የያዘ ሰው ሞተር ያስነሳል፣ ማርሽ ይሞክራል፣ ጎንበስ ብሎ ዘይት ታፈስ እንደሆነ ያያል፣ ሊብሬ ያገላብጣል። ቴፑን ግን ቁልፍ ሲዞር መብራቱ ከበራ ይበቃዋል። ዋጋ ተቆርጦ፣ ኮሚሽን ተከፍሎ፣ ስም ከዞረ በኋላ አዲሱ ባለቤት ፋና ጎንደርን 98.1 ላይ ሲፈልግ ቁጥሩ እየወጣ ሄዶ 90.0 ላይ ይደርስና ተመልሶ 76.0 ይላል። ደጋግሞ ቢነካካውም ያው ነው። “ቴፑ ተበላሽቷል” ተብሎ መኪናው ሠሪ ዘንድ ይወሰዳል። አንዳንዱ ሠሪም ሳያቅማማ አዲስ ባለ ስክሪን እንዲገባ ይመክራል። በዚህ መልክ ስንቱ ደህና ቴፕ ተነቅሎ ወደ መጋዘን ጥግ እንደተወረወረ የመኪና ጌጣጌጥ ሱቆች ያውቁታል።

ነገሩ የብልሽት ሳይሆን የትውልድ አገር ጉዳይ ነው። ጃፓን የኤፍ ኤም ሥርጭቷን ያኖረችው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርትዝ ባለው መስመር ሲሆን፣ ወደ 95 ከፍ ያደረገችውም እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ላይ ነው። እኛና አብዛኛው ዓለም የምንጠቀመው ከ87.5 እስከ 108 ያለውን ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ሸገር 102.1፣ የአማራ ኤፍ ኤም የጎንደር ጣቢያ 105.1፣ ሁሉም ከ95 በላይ ናቸው። ስለዚህ አዲሱ የጃፓን ቴፕ እንኳ ቢሆን ደጃፋቸው ላይ ደርሶ ይመለሳል። መኪናዋ ለእኛ መንገድ እንድትሆን መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ሲዞር ቴፑን የነካው የለም።

በትንሽ ብር የሚገኝ መፍትሔ

ታዲያ ምን ይደረግ? ሱቆች ውስጥ ከክብሪት ሣጥን ብዙም የማትበልጥ “ባንድ ኤክስፓንደር” የምትባል ዕቃ አለች። በአንቴናው ሽቦና በቴፑ መካከል ትገባና የጣቢያውን ቁጥር ዝቅ አድርጋ ለቴፑ ታቀብለዋለች። 20 ሜጋ ኸርትዝ የምትቀንሰው ከሆነች ፋና ጎንደር 78.1 ላይ፣ የአማራ ኤፍ ኤም ጎንደር ደግሞ 85.1 ላይ ይመጣል። ቀላል ሂሳብ ነው፤ ሹፌሩ 20 መቀነስ ከቻለ ይበቃዋል።

ሆኖም ሁሉም ኤክስፓንደር አንድ አይደለም። የጃፓኑ ቴፕ መስኮት 14 ሜጋ ኸርትዝ ብቻ ስለሆነ፣ 20 የምትቀንሰው ከ96 በታች ያሉትን ጣቢያዎች ታስቀራለች። 16 የምትቀንሰው ደግሞ ከ92 እስከ 106 ያለውን ታስገባለች። ለጎንደር ሰው ሁለቱም ይሠራሉ፤ አዲስ አበባ የሚመላለስ ግን ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የሚያዘወትራቸውን ጣቢያዎች ቁጥር ጽፎ ሣጥኗ ላይ ከታተመው ቁጥር ጋር ያስተያይ። ነጋዴው ይህን ሲጠየቅ መመለስ ካልቻለ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው። ሌላም እንከን አላት። ሣጥኗ የራሷን ጫጫታ ስለምትጨምር፣ ማሰራጫው ቅርብ በሆነበት ከተማ ውስጥ ባይታወቅም ከከተማ ወጣ ሲባል ጣቢያው ቶሎ መሻከር ይጀምራል።

በኪስ ያለ ስልክም ዘዴ አለው። ቴፑ የኦክስ ቀዳዳ ካለው ስልኩን በገመድ ማገናኘት ይቻላል። ከሌለው ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ትንሽ ማሰራጫ ይሠራል፤ ነገር ግን በጃፓን ቴፕ ላይ ከ87.5 እስከ 90 ባለው ጠባብ መስመር ብቻ መስተካከል አለበት። 100 ላይ አድርጎ “አልሠራ አለ” የሚለው ደንበኛ ብዙ ነው።

ስክሪኑና ዋቱ

መቀየር ካስፈለገም ይቀየር። በተለይ ከፋብሪካ ባለ ስክሪን ሆነው ከገቡት ቶዮታዎች አንዳንዶቹ ባትሪ ተፈቶ ሲታሰር በጃፓንኛ የይለፍ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ የካርታ ካርዳቸው ከጠፋም አልነሳም የሚሉ አሉ። ይህን ለማስከፈት መንከራተት አዲስ ከመግዛት ሊበልጥ ይችላል። እዚህ ላይ መቀየሩን አልቃወምም።

ገበያ ሲወጣ ግን ሱቁ የሚያስተዋውቀውና ገዢው የሚያስፈልገው ይለያያል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ “4 በ50 ዋት” ተጽፎ ይገኛል፤ ከዚያም የባሰ አለ። የቴፑን ጀርባ ገልብጠው ፊውዙን ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ 10 አምፔር ነው። ሞተር ሲነሳ የመኪና ኤሌክትሪክ 14 ቮልት ግድም ስለሚሆን፣ ቴፑ ከባትሪው በአጠቃላይ ሊስበው የሚችለው 140 ዋት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በሙቀት መልክ ይባክናል። የቀረው ለአራት ስፒከር ሲከፋፈል እያንዳንዱ ከ15 እስከ 20 ዋት ቢደርሰው ነው። 200 ዋት ከየት መጣ? ከካርቶኑ! ያረጀውን የወረቀት ስፒከር መቀየር ለጆሮ የሚሰጠው ጥቅም ከስክሪኑ ይበልጣል፤ ነገር ግን ስፒከር በር ውስጥ ስለሚደበቅ ለጎረቤት አይታይም።

ስፋትም ሌላ ጣጣ ነው። መደበኛው ባለ ሁለት ደረጃ ቴፕ ወርዱ 178 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቶዮታ ዳሽቦርድ ቀዳዳ 200 ነው። ግራና ቀኝ የሚገባውን ፕላስቲክ አብሮ ያልገዛ ሰው ጎርባጣ መንገድ ላይ ቴፑ ሲንገጫገጭ ይሰማዋል። ሶኬቱንም ሠሪው በመቁረጫ እንዳይቆርጠው ይከልክሉት፤ ለቶዮታ የተዘጋጀው አገናኝ ገመድ ርካሽ ነው፣ መኪናዋ ስትሸጥም ዋናው ቴፕ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። አዲሱ ቴፕ ላይ ቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ ከባትሪ፣ ቀዩ ከቁልፍ ጋር ነው የሚያያዘው። ሁለቱ ከተለዋወጡ ቴፑ ጣቢያዎቹን በየጠዋቱ ይረሳል፤ ሁለቱም ከባትሪ ጋር ከታሰሩ ደግሞ መኪናዋ ቅዳሜ ቆማ ሰኞ ላትነሳ ትችላለች። የአንድሮይድ ስክሪን የገዛ ሰው ጣቢያ ቢያጣ ከመመለሱ በፊት ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ የሬዲዮ ክልሉን ወደ አውሮፓ ያድርገው፤ ጃፓን ላይ ሆኖ የሚመጣ አለ።

ባጃጅ ላይ ያለው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ የጨመረው ነው፤ ባትሪዋና ዲናሞዋ ትንንሽ ስለሆኑ ለመኪና የተሠራ አምፕሊፋየር መጫን አበሳ ነው። እንደ ሆንዳ ጎልድ ዊንግና ሃርሊ ዴቪድሰን ያሉት የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌቶች ከፋብሪካ ሬዲዮ ይዘው የሚወጡ ሲሆን፣ ሬዲዮው ዝናብ የሚችል፣ ፍጥነት ሲጨምር ድምፁን ራሱ ከፍ የሚያደርግ ነው። የመኪና ቴፕ እዚያ ቦታ ላይ ቢገባ ይህን አይሠራም። የእነዚያ ባለቤቶች በቅድሚያ ስፒከሩን ቢለውጡ ይሻላቸዋል።

ከወገራ ወዲያ

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ቱሪስት ያመላልሱ የነበሩ ባለ ላንድክሩዘሮች፣ ከ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ ከ2013ቱ ጦርነትና ከ2015 ወዲህ ካለው ግጭት የተነሳ ሥራቸው ስለተዳከመ እያንዳንዷን ብር አስበው ነው የሚያወጡት። ስለዚህ ቁርጡን ማወቅ ይገባቸዋል፦ ኤፍ ኤም እንደ ዓይን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ተራራ ከጋረደው ቀረ። አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ሊማሊሞ ቁልቁለት የገባ ሹፌር ያጣውን ጣቢያ የሚመልስለት ቴፕ ጎንደርም ዱባይም አይሸጥም። እዚያ የሚያገለግለው ፍላሽ ነው፤ አለዚያም መካከለኛ ሞገድ። በዚህ በኩል የተናቀው የጃፓን ቴፕ ይክሳል፤ ኤ ኤም ላይ እንደ እኛው በ9 ኪሎ ኸርትዝ እየዘለለ ስለሚቆጥር የኢትዮጵያ ሬዲዮን 873 በትክክል ያገኘዋል። በ10 የሚቆጥረው የአሜሪካ ቴፕ ግን 870 ወይም 880 ላይ ቆሞ ያፏጫል።

ለነጋዴው የሚቀረው ሂሳብ ይህ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ቪትዟ የተተኪ ያህል ውድ ሆና በእጅ ትቆያለች፤ ባለቤቷም ያድሳታል እንጂ አይለውጣትም። በእኔ ግምት ትርፉ ያለው ገንዘብ አስሮ ከሚቀመጠው ትልቅ ስክሪን ይልቅ በኤክስፓንደሩ፣ በአገናኝ ገመዱ፣ በጎን ፕላስቲኩና በስፒከሩ ላይ ነው። ደላላም ቢሆን ቁጥሩ 90 ላይ የሚመለስ ቴፕ ያላት መኪና ሲያሻሽጥ ነገሩን አስቀድሞ ቢናገር የኤክስፓንደር ዋጋ ነው የሚቀነስበት፤ ከተደበቀ በኋላ ግን የስክሪን ዋጋ ነው የሚጠየቀው።

ተተኪ ሆነው የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች የራሳቸውን ጥያቄ ይዘዋል። የሞተራቸው መቆጣጠሪያ ኤ ኤምን ስለሚረብሽ ቢኤምደብልዩና ቴስላን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች ከአንዳንድ ሞዴሎቻቸው ኤ ኤምን አውጥተውታል። ለደባርቅ መስመር የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ስለ ባትሪው ርቀት ከጠየቀ በኋላ ሬዲዮውንም አስከፍቶ ኤ ኤም የሚል መኖሩን ይይ።