ትንባሆ ሻጭ ወጣቱን ለምን ይፈልጋል?

ነጋዴ ሁሉ ደንበኛ ይፈልጋል። የትንባሆ ነጋዴ ግን ከሌላው የሚለይበት አንድ ችግር አለው፤ ዕቃው ደንበኛውን ይገድልበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፥ ማጨሱን ካልተዉት ሰዎች እስከ እኩሌታ የሚደርሱት በትንባሆ ምክንያት ይሞታሉ። እንግዲህ በሞተው ምትክ ማን ይግባ? ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ ወጣቱ።

ይህ የእኛ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። አር. ጄ. ሬይኖልድስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ለራሱ ሹማምንት በተዘጋጀ ጽሑፍ፥ ምትክ አጫሾች የሚገኙት ከወጣቶች ብቻ መሆኑን ገልጾ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ጆ ካሜል የተባለ፥ መነጽር ያጠለቀ የግመል ሥዕል በአሜሪካ አወጣ። በ1991 የታተመ ጥናት፥ የስድስት ዓመት ልጆች ግመሉን የሚኪ ማውስን ያህል እንደሚያውቁት አሳየ። ሥዕሉ የቀረው በ1997 ነው።

ግመሉ ቢቀርም ዘዴው አልቀረም። በ2015 ለገበያ የቀረበው ጁል የተባለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መልኩ የኮምፒዩተር ፍላሽ ይመስላል፤ የማንጎ ጣዕምም ነበረው። ኒኮቲኑ ከአሲድ ጋር ስለተቀመመ ጉሮሮ አይከረክርም፤ ስለዚህ ጀማሪው ሳያስል ብዙ ይስባል። በ2019 ከአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመቶ 27 የሚሆኑት ቬፕ ይስቡ ነበር። ኩባንያው ለወጣቶች ባደረገው ማስታወቂያ ተከሶ፥ በ2022 ከ30 ለሚበልጡ ግዛቶች 438.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ጉዳቱስ? አእምሮ እስከ 25 ዓመት ገደማ ማደጉን አያቋርጥም። በዚህ ዕድሜ የገባ ኒኮቲን ቶሎ ሱስ ይሆናል፤ ትኩረትንም ይጎዳል። ተማሪው ለፈተና የሚያረጋጋው መስሎት ያጨሳል፤ ነገር ግን የሚያስታግሰው ያንኑ ሱሱ ያመጣበትን መቁነጥነጥ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትንባሆ ማስታወቂያን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላም እንዳይሸጥ አዟል። ሆኖም ሲጋራ በነጠላ፥ ከማስቲካና ከከረሜላ ጎን ተደርድሮ በየመንገዱ ሲሸጥ እናያለን። የአንዲት ሲጋራ ዋጋ ደግሞ ከተማሪ ኪስ አይጠፋም።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ሲጋራም ሆነ ቬፕ ሲቀርብልን «ከዚህ የሚያተርፈው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ያልጀመርን አንጀምር፤ የጀመረውን ጓደኛችንንም ሳንነቅፍ እንዲተው እናግዘው። «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይባላልና።