የደመወዝ ቦርድ አባላትን ማን ይሹም?

አማካሪ አካል ሲቋቋም ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በተግባሩ ላይ ያተኩራል፤ የሿሚው ማንነት ችላ ይባላል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን በደመወዝ ቦርድ ምሳሌነት መመርመር ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55፣ የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮች እንዲሁም ሌሎች ባለድርሻዎች የሚገኙበት፣ የኢኮኖሚ ዕድገትንና የሥራ ገበያን በማጥናት የዝቅተኛ ደመወዝ ወለልን የሚከልስ ቦርድ እንደሚኖር ይደነግጋል። የቦርዱን ሥልጣንና ኃላፊነት ግን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል፤ ሿሚውንም አልሰየመም።

አማራጮቹ በዋናነት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ጉዳዩን በቅርብ ያውቃል፤ ሆኖም ምክሩን የሚቀበለው መካሪውን የመረጠው ራሱ ይሆናል። ሁለተኛው ገንዘብ ሚኒስቴር ነው። የኢኮኖሚውን አቅም የመመዘን ብቃት ቢኖረውም፣ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ሠራተኞች በአዋጁ ስለሚሸፈኑና መንግሥትም በዚህ ረገድ አሠሪ ስለሆነ፣ ወጪ የመቀነስ ፍላጎት ሊያመዝን ይችላል። ሦስተኛው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ይህም ለቦርዱ ክብደት ይሰጣል፤ የዕለት ተዕለት ክትትሉ ግን ይላላል።

የእንግሊዝ ልምድ ለማነጻጸር ይጠቅማል። በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ መሠረት የዝቅተኛ ክፍያ ኮሚሽን ሰብሳቢና 8 አባላት በአንድ ሚኒስትር ይሾማሉ። ሕጉ ግን ሚኒስትሩ የሠራተኛ ማኅበራትን፣ የአሠሪዎችንና የገለልተኛ ወገኖችን ሚዛን ከግምት እንዲያስገባ ያዝዛል። ስለሆነም ወሳኙ የሿሚው ማንነት ብቻ ሳይሆን ሿሚው የታሰረበት ገደብ ጭምር ነው።

የገደቡ አስፈላጊነት ከከተማ ፋብሪካዎች ራቅ ሲባል ጎልቶ ይታያል። በአርሲ ደጋ፣ በጢቾ አካባቢ፣ በስንዴና በገብስ አጨዳ ወቅት ለቀን ሥራ የሚቀጠር ሰው ከማሳ ማሳ ይዘዋወራል። በአዋጁ መሠረት በአንድ ድርጅት ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 10 ሠራተኞች ያስፈልጋሉ፤ ከ10 በታች ሠራተኞች ባሏቸው ድርጅቶች የሚሠሩም በጠቅላላ ማኅበር ሊደራጁ ይችላሉ። ለጥቂት ቀናት ብቻ ለሚቀጠር አጫጅ ሁለቱም መንገዶች አስቸጋሪ ናቸው። ስለዚህ የሠራተኛው ወንበር በሙሉ በተደራጁ ማኅበራት ጥቆማ ብቻ ከተሞላ፣ የሥራ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የፌዴራል በመሆኑ፣ አጫጁ ተወካይ ያልላከበት የአዲስ አበባ ጉባኤ ስለ ክፍያው ይመክራል።

በመሆኑም ደንቡ ሦስት ነገሮችን ቢያካትት ይመረጣል። አንደኛ፣ የሿሚነት ሥልጣን የሥራ ጉዳይን ለሚመራው ሚኒስቴር ይሰጥ፤ የቀድሞው የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ለሁለት መሥሪያ ቤቶች መከፈሉ እንደሚያሳየው ግን መሥሪያ ቤቱን በስሙ ሳይሆን በተግባሩ መጥቀስ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ሚኒስትሩ የአሠሪና የሠራተኛ ተወካዮችን ድርጅቶቻቸው ካቀረቧቸው ዕጩዎች ውጭ መሾም አይችል፤ ከሥራ ዘመናቸው በፊትም ያለ በቂ ምክንያት አያንሣቸው። ሦስተኛ፣ «ሌሎች ባለድርሻዎች» በሚለው ሐረግ ያልተደራጁ የግብርና ሠራተኞችን ሁኔታ የሚያውቅ አባል ይካተት።

ሹመት በአንድ እጅ፣ ጥቆማ በብዙ እጅ ሲሆን ምክሩ ተጠያቂም ታማኝም ይሆናል።