ጓዳው ይቅደም

የረመዳን ወር ሲቃረብ በየቤቱ ምንጣፍ ይራገፋል፤ መጋረጃ ይታጠባል፤ ግድግዳ ኖራ ይቀባል። አረካ በሚገኘው የእናታችን ቤት ግን አምና፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ጉዳዩ ኖራ ከመቀባት አልፎ ነበር። ከወላይታ ሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች ከተማ አባታችን የሠራው ባለ አራት ክፍል የጭቃ ቤት ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ምስጥ ቋሚዎቹን ከሥር በልቷቸዋል። የጓዳው ግድግዳ ወደ ውጭ አብጧል። ቆርቆሮው ዝጎ በቀን እንደ ወንፊት ብርሃን ያስገባል፤ በክረምት ደግሞ ውሃውን።

እህትማማችና ወንድማማች ተሰብስበን መከርን። ታላቅ ወንድማችን፣ "ይፍረስና በብሎኬት ይሠራ። እማ ደግሞ እስኪያልቅ ሶዶ እኔ ጋ ትቀመጥ" አለ። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። እናታችን ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና አንድ ነገር ብቻ ተናገረች።

"ከዚህ ቤት አንዴ ከወጣሁ የምመለስ አይመስለኝም።"

ከዚህ በኋላ ማንም ስለ ማፍረስ ሊናገር አልደፈረም። ቤታቸውን በአንድ ጊዜ አፍርሰው፣ ብሩ መሠረት ላይ አልቆባቸው፣ ዓመታት በኪራይ ቤት የቆዩ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ እናታችንን አንድ ቀን እንኳ ሳናስወጣ፣ ክፍል በክፍል እያደስን ለመሄድ ተስማማን። ታላቅ ወንድማችን ግን ቅር ብሎት ወደ ሶዶ ተመለሰ።

ከየት እንጀምር? እኛ ሳሎኑን አልን። ለዒድ እንግዳ የሚገባው እዚያ ነውና። እናታችን ግን፣ "ጓዳው ይቅደም። ሳሎንን የሚያየው እንግዳ ነው፤ እንግዳውን የሚያበላው ግን ጓዳው ነው" አለች። እሷ ያለችው ሆነ።

የጭቃ ሥራ የበጋ ሥራ ነው። ጤፍ ተወቅቶ ጭድ የሚገኘው፣ ምርጊቱም በፀሐይ የሚደርቀው በዚህ ወቅት ነው። የእስልምና የዘመን አቆጣጠር ጨረቃን ስለሚከተል ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ቀደም እያለ፣ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ያዳርሳል። በ2004 ዓ.ም. የገባው በሐምሌ ነበር። ያኔ ጾማችንን ያፈጠርነው ከሚያፈሰው ቆርቆሮ ሥር ባልዲ ደቅነን ነው። በ2017 ዓ.ም. ግን የካቲት 22 ቀን ገባ። የበልጉ ዝናብ ሳይበረታ የቻልነውን ለመሥራት ጥቂት ሳምንታት አገኘን ማለት ነው።

ቀይ አፈር ከጓሮ ተቆፈረ፤ ጭድ ተነሰነሰበት፤ ውሃ ጠጣ። በየቀኑ በእግር እየተረገጠ፣ በእንሰት ቅጠል እየተሸፈነ ለቀናት ቦካ። ጭቃ መድረሱ በሽታው ይታወቃል፤ ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። የመጀመሪያው ምርጊት በማገሩ መካከል ይገባል። እሱ ደርቆ ስንጥቁን ካሳየ በኋላ ሁለተኛው ይደረባል። የመጨረሻው ልስን ከተነፋ አፈርና ከአዛባ ይዘጋጃል። የላላውን ማገር ያሰርነው በሚስማር ብቻ አይደለም፤ እናታችን ያስቀመጠችው የእንሰት ቃጫም አገልግሏል።

ጓዳው ያለ ችግር አለቀ። ይህም አጉል ድፍረት ሰጠን። ሁለተኛው ተራ የእናታችን መኝታ ቤት ነበር። አልጋዋን ወደ ሳሎን አዛወርንና የማዕዘኑን ቋሚ ሳንደግፍ ቆረጥነው። ወራጁ ሲጢጥ ብሎ ወረደ፤ ሁለት ቆርቆሮ ከሚስማሩ ተገነጠለ። ሰው አልተጎዳም፤ ነገር ግን ሁላችንም ክው ብለን ቀረን። እናታችን በር ላይ ቆማ አየችን። አልተቆጣችም። ይልቅ ብትቆጣን ይሻለን ነበር።

አጎታችን ተጠርተው መጡ። ጣሪያውን አይተው፣ "መጀመሪያ ደግፉ፤ ከዚያ ቁረጡ" አሉን። በግራና በቀኝ ባላ አስገብተው ወራጁን ቀስ በቀስ አስነሡት። ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቋሚ በላይ አልነካንም። አዲሱ ቋሚ ከመቆሙ በፊት ታችኛው ጫፉ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። የሚያርፈውም እርጥብ አፈር ላይ ሳይሆን ድንጋይ ላይ ነው። አባታችን ይህን ሳያደርግ የቀረው ሳያውቅ ነው ወይስ አቅም አጥሮት ብለን ጠየቅናቸው። "ያን ጊዜ ድንጋይ በጀርባ ነበር የሚመጣው" ብለው ዝም አሉ።

እየጾሙ ጭቃ መርገጥ ቀላል አይደለም። ሱሑር በልተን፣ ፈጅር ሰግደን፣ ጎህ ሲቀድ እንጀምርና ፀሐይ ሳትበረታ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ እናቆማለን። የቀረውን ከዐስር ሶላት በኋላ እንቀጥላለን። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጉልበታችን ከዳን። ይህን ያዩት የወንጌል አማኝ ጎረቤታችን ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። "እናንተ ጾማችሁን ያዙ፤ ጭቃውን ለእኛ ተዉት" አሉን። በወዲያኛው በኩል ያሉት ኦርቶዶክስ ጎረቤታችንም ዐቢይ ጾም ላይ ነበሩ። ያ ጾም የገባው የካቲት 17 ቀን፣ ከረመዳን አምስት ቀን ቀድሞ ነው። "እኔም እንደናንተው ነኝ፤ ጉልበት የለኝም፤ ውሃ ግን አያቅተኝም" ብለው ጄሪካናቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

ስናመሰግናቸው እናታችን ሳቀች። "ምን ይገርማችኋል? ይህ ቤት ሲሠራ እንጨቱን የተሸከመው የእሳቸው ባል ነው። የእነሱን ቤት ቆርቆሮ የመታው ደግሞ አባታችሁ ነው።" እኛ እንደ ውለታ የቆጠርነው ነገር ለእሷ የቆየ ልማድ ነበር።

የጭቃ ቤት ጠባዩ እንዲህ ነው። ሠርተውት የሚረሱት አይደለም፤ በየጊዜው እጅ ይፈልጋል። በማሊ፣ በጄኔ ከተማ ያለው ታላቁ መስጊድ በጭቃ የተሠራ ነው፤ አሁን የቆመው ሕንፃ የተገነባው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ጭቃው ከሌላው ጠንክሮ አይደለም። የከተማው ሰው በየዓመቱ ቀን ቆርጦ ስለሚለስነው ነው። ግንበኞቹ ይመራሉ፤ ወጣቱ ጭቃ ያቀብላል፤ ሴቶች ውሃ ያመላልሳሉ። የጄኔ ነባር ከተሞች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የእኛ ቤት ከዚያ ጋር አይወዳደርም። የሚያኖረው ምሥጢር ግን አንድ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ አመሻሽ ላይ የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመ። ታላቅ ወንድማችን አዲስ ቆርቆሮ ጭኖ ወረደ። አንዳችን፣ "በብሎኬት ይሠራ ስትል አልነበር?" አልነው። "አሁንም እላለሁ" አለና ሸሚዙን አወለቀ። የዚያን ዕለት አዛን ሲል ያፈጠርነው በጓዳው ውስጥ ነው። ተምርና ሾርባ ነበር፤ ጎረቤት የላኩት ትኩስ ቦዬ ከዳጣ ጋር ነበር። ጭቃ ያቦኩት ልጆችም አብረውን በሉ።

ዒድ ሲደርስ ሦስት ክፍሎች አልቀዋል፤ ሳሎኑ ግን እንደ ድሮው ነበር። ዝናቡም ጀመረ። እንግዶቻችን በተሰነጠቀው ሳሎን አልፈው፣ እናታችን መኝታ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። እኛ ትንሽ አፈርን፤ እሷ ግን እየዞረች ግድግዳውን እንግዶቹን ታስነካቸው ነበር። "ይህን የሠሩት ልጆቼ ናቸው፤ ያንን የእነ እሳቸው ልጆች" እያለች። ምግቡም ከአዲሱ ጓዳ ወጣ።

ዘንድሮ የሳሎኑ ተራ ነው። ይህን ስንጽፍ ጭቃው በጓሮ ቦክቷል፤ ሽታው እስከ መንገድ ይሰማል። ቋሚዎቹን ደግፈናል፤ እስካሁን የቆረጥነው አንድ ብቻ ነው። ታላቅ ወንድማችን ዛሬም ብሎኬት ይሻላል ይላል፤ ምናልባት አንድ ቀን እሱ ያለው ይሆናል። እናታችን ግን አልጋዋን ለአንድ ሌሊት እንኳ ከዚህ ቤት አላወጣችም።

አንባቢዎቻችንም በዚህ ወር የወላጆቻችሁን ቤት ልታድሱ አስባችሁ ከሆነ፣ ከመለካታችሁ በፊት የቤቱን ባለቤት ጠይቁ፤ ከመቁረጣችሁ በፊት ደግፉ። መልካም የረመዳን ወር!