ሥራውን የጨረሰ ቦርድ ማን ያሰናብተዋል?

ኮሚቴ ማቋቋም ቀላል፥ ማፍረስ ግን ጭንቅ መሆኑን የተረዳሁት በክፍላችን ነው። አምና ለአንድ በዓል ዝግጅት የተመረጠው ኮሚቴ በዓሉ ካለፈ በኋላም ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው ማዕረጋቸውን እንደያዙ ዓመቱ አለቀ። (እኔም ገንዘብ ያዥ ስለ ነበርሁ ከነቀፌታው ድርሻዬን እወስዳለሁ።) ይህ ነገር በታላላቅ መንግሥታትም ዘንድ አለ።

በአሜሪካ በ1897 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ከውጭ የሚገባውን ሻይ ጥራት የሚወስን ሕግ ወጣ። በዚሁ ሕግ መሠረት 7 አባላት ያሉት የሻይ ዐዋቂዎች ቦርድ ተቋቋመ፤ አባላቱም በየዓመቱ እየተሰበሰቡ ሻይ በመቅመስ መለኪያ የሚሆነውን ይመርጡ ነበር። በኋላ የምግብንና የመድኃኒትን ንጽሕና በጠቅላላው የሚቈጣጠር መሥሪያ ቤት ስለ ተገኘ፥ ለሻይ ብቻ ልዩ ቀማሽ የማስፈለጉ ነገር እየሳሳ ሄደ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1970 ቦርዱ እንዲቀር አሳብ አቀረቡ፤ የቀረው ግን በ1996 ነው። 99 ዓመት መሆኑ ነው! ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለ ቦርድ የሚያስወጣው ገንዘብ ጥቂት ስለ ሆነ የሚቈረቈርበት ሰው አይገኝም፥ የሚጠቀሙበት ግን አጥብቀው ይከራከሩለታል።

ስለዚህ ኮሎራዶ የተባለው ክፍለ ግዛት በ1976፥ ቴክሳስም በ1977 «የጀንበር መጥለቂያ» የሚባል ሕግ አወጡ። ቀድሞ አንድ ቦርድ እንዲፈርስ አዲስ ሕግ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ግን ሕግ የሚያስፈልገው እንዲቈይ ነው። ምክር ቤቱ ዝም ካለ ጀንበሯ ትጠልቅበታለች። በቴክሳስ ጉዳዩን የሚመረምሩት 12 ሰዎች ናቸው፤ 5 ከሕግ መወሰኛው፥ 5 ከሕግ መምሪያው ምክር ቤት፥ 2 ደግሞ ከሕዝብ። አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ መሥሪያ ቤት ተራው በየ12 ዓመቱ ይደርሰዋል፤ ያን ጊዜ «ሥራህ ምንድር ነው? ሌላስ የሚሠራው የለም ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ደንቡ ግን አደጋ አለበት። በ2019 የቴክሳስን የቧንቧ ሠራተኞች እየፈተነ ፈቃድ የሚሰጠው ቦርድ ተራው ደርሶ ሳለ፥ ምክር ቤቱ ሳይስማማ የጉባኤው ጊዜ አለቀ። ይህ ቦርድ ሥራ ፈት አልነበረም፤ ቧንቧ በማያውቅ ሰው እጅ ቢገጠም ቈሻሻው ውሃ ከሚጠጣው ጋራ ሊቀላቀል ይችላልና። ገዥው፥ በ2017 የደረሰው የአውሎ ነፋስ ጥፋት ገና አለመጠገኑን ምክንያት አድርገው፥ ዕድሜውን በትእዛዝ አራዘሙለት። በእኔ አስተያየት የሰው ጤና ለሚጠብቅ ቦርድ ዝምታ ብቻ የሞት ፍርድ ሊሆንበት አይገባም፤ ለሻይ ቀማሾቹ ግን ዝምታው ይበቃቸው ነበር።