ከፍልሰታ ጾም በኋላስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

ከሰባቱ አጽዋማት መካከል ልጆች አብልጠው የሚወዱት ጾመ ፍልሰታን ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾማሉ፤ ቅዳሴ እስኪፈጸም ታግሠው ይቆርባሉ። ነሐሴ 16 ቀን የእመቤታችን የዕርገቷ በዓል ይከበራል። በእኛ በዋግ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው ይጫወታሉ። ይህንኑ በዓል የላስታ ልጆች አሸንድዬ፣ የራያ ቆቦ ልጆች ሶለል፣ የትግራይ ልጆች አሸንዳ ይሉታል።

ልጆች፣ የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው። ጾሙ ተፈትቶ፣ በዓሉ አልፎ፣ ሁሉም ወደየሥራው ሲመለስ ክርስትናችን የት ይሆናል? ከነጠላችን ጋር ታጥፎ እስከሚመጣው ዓመት በሣጥን ይቀመጣልን?

1. ከዓለም መለየት ማለት ምን ማለት ነው?

ዝቋላ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘውን ተራራና በላዩ ያለውን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ገዳም ነው። በዚያ ያሉ መነኮሳት ቤትና ንብረት ትተው በጾምና በጸሎት ይኖራሉ። የእኛ ዝቋላ ግን በዋግ ያለችው ናት። እኛ ፍየል እንጠብቃለን፤ ማሽላ እንኮተኩታለን፤ ትምህርት ቤት እንሄዳለን፤ ገበያ እንወጣለን። ታዲያ ከዓለም መለየት ለመነኮሳት ብቻ የተሰጠ ነውን?

አይደለም። ጌታችን ስለ ደቀ መዛሙርቱ ሲጸልይ ከክፉ እንዲጠበቁ ለመነ እንጂ ከዓለም እንዲወጡ አልለመነም (ዮሐ. 17)። ስለዚህ ከዓለም መለየት ማለት ከሰው መሸሽ ማለት አይደለም። ከሐሰት፣ ከስድብ፣ ከስርቆትና ከክፉ ምኞት መለየት ማለት ነው።

2. ዳንኤል በባቢሎን

ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ ወደ ባቢሎን የተማረኩት ገና በወጣትነታቸው ነበር። የባቢሎንን ቋንቋና ጥበብ ተማሩ፤ በቤተ መንግሥትም አገለገሉ። ይህን አልጠሉም። ነገር ግን ከንጉሡ ማዕድ በልተው እንዳይረክሱ ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እንዲሰጣቸው ለመኑ። 10 ቀን ተፈትነው ፊታቸው ከሌሎቹ ይልቅ አምሮ ተገኘ (ዳን. 1)። ዳንኤል ካረጀም በኋላ ጸሎት በተከለከለ ጊዜ እንደ ልማዱ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር (ዳን. 6)። ልብ በሉ! በልጅነቱ የጀመረውን በሽምግልናው አልተወውም።

3. እኔን የገጠመኝ

ልጆች፣ አንድ ነገር ከራሴ ሕይወት ልንገራችሁ። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ፍልሰታን ጾሜ ቆርቤ ነበር። ነሐሴ 17 ቀን ከእረኞች ጋር ጨዋታ ይዞኝ ፍየሎቼ የአንዲት ባልቴት ማሽላ ውስጥ ገቡ። አስወጥቼ ካራቅኋቸው በኋላ ሴትዮዋ መጥተው «ልጄ፣ የማን ፍየል ነው ያጠፋብኝ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «በማርያም፣ የእኔ አይደለም!» ብዬ ማልሁ። እርሳቸውም አንገቴ ላይ ያለውን ማዕተብ አይተው «የቆረበ ልጅ አይዋሽም» አሉና ሄዱ።

ማታ የጎረቤታችን ልጅ ተጠርጥሮ ሲገረፍ ልቅሶውን ሰማሁ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሴትዮዋ ያመኑት እኔን አልነበረም፤ ማዕተቤን ነበር። እኔ ግን በማዕተቤ ሸፍኜ ዋሸሁ፤ የእመቤታችንንም ስም በበዓሏ ማግሥት ለሐሰት ጠራሁ።

ሲነጋ ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። እርሳቸውም «አስቀድመህ ለሴትዮዋና ለልጁ እውነቱን ንገር፤ ከዚያ ወደ እኔ ትመለሳለህ» አሉኝ። እንደዚያ ቀን መንገድ ረዝሞብኝ አያውቅም። ሴትዮዋ አለቀሱ እንጂ አልተቆጡኝም። እኔም ማሽላው እስኪታጨድ ድረስ ወፍ ጠበቅሁላቸው። ልጁ ግን ብዙ ጊዜ አላናገረኝም፤ ቢቀየመኝ እውነት ነበረው።

4. ምን እናድርግ?

ሀ. በጾም ቀን የምንጸልየውን ጸሎት ከጾም በኋላ አንተው። ጥቂትም ቢሆን ጠዋትና ማታ ሳናቋርጥ እንጸልይ።

ለ. አንደበታችንን እንጠብቅ። በሻደይ ጨዋታ ጊዜ ትንሽ የሰጠውን ሰው በዘፈን መስደብ፣ ለጥቂት ነገር በማርያም ብሎ መማል ለቆረበ አፍ አይገባም።

ሐ. ዓለም ዛሬ በእጅ ስልክም ወደ ቤታችን ይገባል። በስልክ መማር ዳንኤል እንደ ተማረው ነው። በወላጆቻችን ፊት ለማየት የምናፍረውን ግን ብቻችንን ስንሆንም አንየው።

መ. ብንወድቅ አንደብቅ። በንስሐ እንነሣ፤ የበደልነውንም ሰው እንካስ።

የተወደዳችሁ ልጆች፣ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀን ማዕተብ አስረናል። ይህ ማዕተብ በቤተ ክርስቲያን ታስሮ በገበያ የሚፈታ አይደለም። በማሽላው ማሳ ዳርም፣ ማንም በማያየን ቦታም በአንገታችን አለ። የሚያየው ሰው ያምነናልና እምነቱን አናሳፍር።

የክለሳ ጥያቄዎች

1. ከዓለም መለየት ማለት ከሰው መሸሽ ነውን? አስረዱ።
2. ዳንኤል በባቢሎን ምን ተቀበለ? ምንስ እንቢ አለ?
3. በእኔ ሐሰት ምክንያት የተጎዱት እነማን ናቸው?
4. ከጾም በኋላ የማትተዉትን አንድ መልካም ልማድ በደብተራችሁ ጻፉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።